የመንደር ስም በመዝገብ ላይ
ስለ ኢራን የገጠር መንደሮች የሕዝብ ብዛትና የአስተዳደር ደረጃ ለእርዳታና ለሰፈራ ሥራ ኀላፊዎችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር




እኔ የመስኖ መሐንዲስ ወይም የሥነ ሕዝብ ሊቅ አይደለሁም። ሥራዬ የማስታወቂያ ሥራ ነው፤ ከገጠር የሚመጣውን ሪፖርት ማንበብ፣ አኀዙን ማስተያየትና ለሚመለከታቸው ክፍሎች ግልጽ በሆነ ቋንቋ ጽፎ ማቅረብ ነው። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ በድርቅ ጊዜ ከውሃና ከእህል ቀጥሎ ለአንድ መንደር ሕይወት የሚያስፈልገው ነገር ስሙ በትክክለኛው ቦታ መጻፉ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእህል ማደያ ጣቢያ ተገኝቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ ከሩቅ ጎጥ መጡና ተራቸውን ጠብቀው የመንደራቸውን ስም ተናገሩ። ዝርዝሩን የያዘው ወጣት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ «አባባ፣ እንዲህ የሚባል ቦታ የለም» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኛ ከሌለን ታዲያ ትናንት የሞተብን ከብት የማን ነው?» ሲሉ መለሱለት። ኋላ ነገሩ ሲጣራ ጎጡ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ተደምሮ ተጽፎ፣ እህሉም ወደዚያው ሄዶ ተገኘ። ሆን ብሎ የበደላቸው ሰው አልነበረም። የበደላቸው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ዛሬ ልናገር የምወደው ስለዚሁ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ምሳሌዬን የምወስደው ግን ከአገራችን ሳይሆን ከኢራን ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ኢራን ደረቅ ምድር የበዛባት፣ ድርቅና የመሬት መንቀጥቀጥ ሕዝቧን በየጊዜው ከቀዬው ያፈናቀሉባት አገር ስትሆን፣ የገጠር መንደሮቿን በስም በስማቸው፣ የቤተሰቡንና የነፍሱን ብዛት ጨምራ የምታሳትም ናት። ሁለተኛ፣ የሌላውን ቤት ጣሪያ በሰከነ ልብ መመልከት የራስን ጣሪያ ለመጠገን ይረዳል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በምናባችን ወደ ምሥራቅ ኢራን እንሂድ። ከአፍጋኒስታን ድንበር ወዲህ፣ ከሉት በረሃ በስተሰሜን፣ ቢርጃንድ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ያለው አገር ደቡብ ኮራሳን ይባላል። ነዋሪው በአብዛኛው ፋርስኛ ተናጋሪ ነው። ገበሬው ዘፍራንና ዘሪሽክ የተባለውን ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ያመርታል፤ በግና ፍየል ያረባል። መንደሮቹ ትንንሾች፣ እርስ በርሳቸውም የተራራቁ ናቸው። በዚያ አገር ካላቴ የሚባለው የሰው መኖሪያ አንድ የውሃ ዓይንና ጥቂት ማሳ ይዞ በጥቂት ቤተሰብ የተመሠረተ ሲሆን፣ ብዙ መንደሮች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ሰው የሚኖርበት ስፍራ በጠቅላላው አባዲ ይባላል። አብ ማለት በፋርስኛ ውሃ ነው። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ መሆን አለመሆኑን ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወውና፣ በዚያ ደረቅ ምድር ለሚኖር ገበሬ ግን ውሃ የሌለው አባዲ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ከነዚህ መንደሮች የአንዱን መስመር በቆጠራው መጽሐፍ ላይ እንመልከት። መስመሩ አጭር ነው። የመንደሩ ስም፣ የሚገኝበት ደህስታን፣ ባክሽ፣ ሻህረስታንና ኦስታን፣ ከዚያም የቤተሰቡና የነፍሱ ብዛት ተጽፏል። እነዚህን የአስተዳደር እርከኖች ቀድሞ በአገራችን በምናውቃቸው ስሞች ብንተረጉማቸው፣ ኦስታን ክፍለ ሀገር፣ ሻህረስታን አውራጃ፣ ባክሽ ወረዳ፣ ደህስታን ደግሞ ምክትል ወረዳ እንደ ማለት ነው። ይህ መሰላል በሕግ የቆመው በ1937 በወጣው የአገር አከፋፈል ሕግ ነው። በዚያን ጊዜ በመንደሩ ላይ የነበረው ሹም ካድኮዳ ይባል ነበር፤ በእኛ አገር ጭቃ ሹም እንደምንለው ያለ ሰው ነው።

መሰላሉን የሚወስነው ሁለተኛው ታላቅ ሕግ የወጣው በ1983 ነው። ይህ ሕግ መንደርን የአገሪቱ አስተዳደር የመጀመሪያ መሠረት አድርጎ ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት መንደር ማለት የታወቀ ወሰን ያለው፣ ቢያንስ 20 ቤተሰብ ወይም 100 ነፍስ በቋሚነት ወይም በየወቅቱ የሚኖርበት፣ አብዛኛው ነዋሪ በእርሻ፣ በከብት እርባታ፣ በአትክልት ሥራ፣ በገጠር እደ ጥበብ ወይም በዓሣ ማጥመድ የሚተዳደር ስፍራ ነው። ከዚህ በታች የሆነው በእርሻ ቦታነት ወይም በተራ ስፍራነት እየተመዘገበ፣ ራሱን ችሎ ወይም በአቅራቢያው ላለ መንደር ተከታይ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ብዙ መንደሮች ተያይዘው አንድ ደህስታን ይሆናሉ፤ ለዚህም የሚጠየቀው የሕዝብ ብዛት እንደ አገሩ የአሰፋፈር ጥቅጥቅነት 8,000፣ 6,000 ወይም 4,000 ነው። ከክፍለ ሀገር በስተቀር ማንኛውንም እርከን ለማቋቋም፣ ለማዋሐድ፣ ከአንዱ ነጥሎ ከሌላው ለማያያዝ ወይም ስሙን ለመለወጥ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሐሳብ አቅርቦ የሚኒስትሮች ምክር ቤት መወሰን አለበት።

እንግዲህ በመስመሩ ላይ የሠፈሩት ስሞች ለጌጥ የተጻፉ አለመሆናቸው ከዚህ ይታወቃል። በተለይ የመንደሩን ስም ብቻ ይዞ ወደ ሥራ የሚሄድ ሠራተኛ በኢራን ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ሆሴይናባድና አሊያባድ የሚባሉት የመንደር ስሞች በአገሪቱ እጅግ ብዙ ናቸው፤ በአንድ አውራጃ ውስጥ እንኳ ተደጋግመው ሊገኙ ይችላሉ። አንዱ ሆሴይናባድ ከሌላው የሚለየው በምክትል ወረዳው፣ በወረዳውና በቆጠራ መለያ ቁጥሩ ነው። ስሙ ከፋርስኛ ወደ ሌላ ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ አንዱ መንደር ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ያገኛል። የነፍስ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ የአስተዳደር አድራሻው ከተሳተ፣ መኪናው የሚደርሰው ወደ ሌላ ሆሴይናባድ ነው።

ቀጥሎ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኢራን የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1956 ነው። ከዚያ ወዲህ በየ10 ዓመቱ እስከ 2006 ድረስ ቆጥራለች፤ ቀጥሎም በ2011ና በ2016 ቆጠራ አካሂዳለች። የ2016ቱ ስምንተኛው ነበር። በ1956 የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 19 ሚሊዮን ሲጠጋ፣ ከመቶ 31 እጅ ያህሉ ብቻ የከተማ ነዋሪ ነበር። በ2016 ሕዝቡ 79.9 ሚሊዮን ሲደርስ፣ የከተማው ነዋሪ ከመቶ 74 እጅ ሆነ። የገጠሩ ሕዝብ በ1956 ከነበረበት 13 ሚሊዮን ገደማ ከፍ እያለ ሄዶ በ1996 23 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን በ2006 ወደ 22.1 ሚሊዮን፣ በ2016 ደግሞ ወደ 20.7 ሚሊዮን ዝቅ አለ።

ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ እውነተኛ የሕዝብ ፍልሰት አለ፤ ይህ የማይካድ ነው። ሆኖም ቅነሳው ሁሉ ሰው ተነሥቶ በመሄዱ ብቻ የደረሰ አይደለም። እስከ 1976ቱ ቆጠራ ድረስ 5,000 ነዋሪ ያለው ስፍራ ከተማ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ከ1986 ጀምሮ ግን ከተማ የሚባለው ማዘጋጃ ቤት ያለው ስፍራ ሆነ። ስለዚህ አንድ ትልቅ መንደር ማዘጋጃ ቤት እንዲኖረው በተወሰነ ማግስት፣ አንድም ሰው ከደጃፉ ሳይርቅ፣ ነዋሪዎቹ ሁሉ ከገጠር መዝገብ ወጥተው ወደ ከተማ መዝገብ ይገባሉ። ቁጥርን ብቻ የሚያነብ ሰው ገጠሩ ተሰደደ ይላል፤ የአስተዳደሩን ታሪክ ጨምሮ የሚያነብ ግን ከተሰደደው የተሰየመውን ለይቶ ያውቃል።

አሁን የጠቀስኩት የ20 ቤተሰብና የ100 ነፍስ ልክ በመንደር ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። በኢራን የመንደርና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ነው። ሕዝቡ ከ1,500 የማይበልጥ መንደር 3 አባላት ያሉት ምክር ቤት ይመርጣል። በ1998 በወጣ ሕግ ደግሞ ደህያሪ የሚባል የመንደር አስተዳደር መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ተፈቅዷል፤ ኀላፊውን ደህያርን ምክር ቤቱ ይመርጠዋል፣ የወረዳው ገዥ ይሾመዋል። መንገድ፣ የቧንቧ ውሃና መብራት በሚታቀድበት ጊዜም «ከ20 ቤተሰብ በላይ ያላቸው መንደሮች» የሚለው አነጋገር በአገሪቱ ሪፖርቶች ዘወትር ይሰማል። ከልኩ በላይ የሆነ መንደር የሚናገርለት ሰው፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤና በዕቅድ ውስጥ ቦታ አለው። ከልኩ በታች የወረደው ግን ጉዳዩን የሚያቀርበው በጎረቤቱ አፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሕጉ በወጣበት ዘመን 20 ቤተሰብና 100 ነፍስ አንድ ዓይነት መለኪያ ነበሩ ለማለት ይቻላል፤ በ1986ቱ ቆጠራ የአንድ ቤተሰብ አማካይ ብዛት በአገር ደረጃ 5.1 ነበርና 20 ቤተሰብ 102 ነፍስ ይሆናል። በ2016 ግን አማካዩ ወደ 3.3 ወርዷል። በዚህ ስሌት 20 ቤተሰብ 66 ነፍስ ብቻ ሲሆን፣ 100 ነፍስ ለማግኘት 30 ያህል ቤተሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤተሰብ የሚቆጥረው ሹም መንደሩ ደኅና ነው ሲል፣ ነፍስ የሚቆጥረው ሹም መንደሩ አልቋል ሊል ይችላል፤ ሁለቱም የሚያነቡት ያንኑ አንድ መስመር ነው። እህል የሚታደለው በነፍስ፣ ቤት የሚሠራው በቤተሰብ መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

መንደር ከልክ በታች እንዲወርድ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው የውሃ መድረቅ ነው። በምሥራቅና በማዕከላዊ ኢራን ብዙ መንደሮች የሚኖሩት ቃናት በሚባል የከርሰ ምድር ቦይ ነው። ከተራራው ግርጌ እናት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከዚያ ጀምሮ መሬት ውስጥ ለውስጥ በጥቂቱ ያዘነበለ ዋሻ እየተሠራ፣ በየርቀቱም ወደ ላይ አየርና አፈር ማውጫ ጉድጓድ እየተከፈተ፣ ውሃው ያለ ሞተር በራሱ ክብደት እየወረደ ማሳው ድረስ ይመጣል። በጎናባድ የሚገኘው የታወቀው ቃናት እናት ጉድጓዱ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የመንግሥታቱ ድርጅት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2016 ይህንን ጨምሮ 11 የፋርስ ቃናቶችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

የቃናት ውሃ ለባለ መብቶቹ በሰዓት ይከፋፈላል። ቀድሞ ሰዓቱ የሚለካው ከሥሩ በተበሳ የመዳብ ጽዋ ነበር፤ ጽዋው በውሃ ላይ ተንሳፎ ሞልቶ እስኪሰጥም ድረስ ያለው ጊዜ አንድ መለኪያ ነው። ተራውን የሚያስጠብቀው ሰው ሚራብ ይባላል፤ በእኛም አገር በባህላዊ መስኖ ላይ የውሃ አባት የሚባል ሹም መኖሩን ታውቃላችሁ። የውሃው ድርሻ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ይከራያል። ስለዚህ በመንደሩ ውስጥ የማይኖር ሰው የመንደሩ ውሃ ባለ መብት ሊሆን ይችላል። ይህን ቁም ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የሞተር ጉድጓዶች ሲበዙ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ታች ሸሸ፤ ብዙ ቃናቶችም ደከሙ። በዚህ ላይ ከ1998 እስከ 2001 የዘለቀው ጽኑ ድርቅ ምሥራቁን አገር ክፉኛ መታው፤ ከደቡብ ኮራሳን በስተደቡብ በሲስታን የሚገኘው የሃሙን ሐይቅም በዚያው ድርቅ ደረቀ። ቃናት ደግሞ በየጊዜው ካልተጠረገ ይደፈናል። መጥረጉ ጉልበትና ጥበብ ይጠይቃል፤ ጎልማሳው ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ ጠራጊ ይጠፋል፤ ጠራጊ ሲጠፋ ውሃው ያንሳል፤ ውሃው ሲያንስ የቀረውም ሰው ይሄዳል። ለምሳሌ ያህል 24 ቤተሰብ የነበረበትን መንደር እናስብ። በሁለት መጥፎ ዓመታት 6 ቤተሰብ ቢሄድበት 18 ይቀራል። የሄደው ከአራት አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በመዝገቡ ዓይን መንደሩ ከአንድ መደብ ወደ ሌላ መደብ ወርዷል። ድርቅ የሰጠውን ጉዳት መዝገብ ሊያባዛው ይችላል ማለት ይህ ነው።

መንደሩ ከዚህም በላይ ሲመነምን በቆጠራው መጽሐፍ ላይ የሚታየው ነገር ልዩ ነው። በቅርቦቹ ቆጠራዎች እጅግ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የቀሩባቸው መንደሮች ስማቸው ይታተማል እንጂ የነፍሳቸው ቁጥር አይገለጥም፤ ምክንያቱም ሁለት ሦስት ቤት ብቻ ባለበት ስፍራ ቁጥሩን ማሳተም የቤተሰቡን ምስጢር መግለጥ ይሆናል። ሕግን የጠበቀ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ሌሎች ደግሞ «ነዋሪ የሌለበት» ተብለው ይጻፋሉ። ከሩቅ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ሁለቱ ባዶ ቦታዎች አንድ ይመስሉታል፤ ሆኖም በአንደኛው ውስጥ ምናልባት ሁለት አሮጊቶችና አንድ እረኛ በሕይወት አሉ። ያልተገለጠ ቁጥር ዜሮ አይደለም።

ነዋሪ የሌለበት የተባለውም ቢሆን ሁልጊዜ የሞተ መንደር አይደለም። ቆጠራው ብዙውን ጊዜ የተካሄደው በመጸው ሲሆን፣ አንድ ቤተሰብ የሚመዘገበው ዘወትር በሚኖርበት ስፍራ ነው። ግማሹን ዓመት ከተማ፣ ግማሹን በማሳው ላይ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ዘወትር የሚኖረው የት ነው? ሕጉ ራሱ መንደርን ሲተረጉም «በቋሚነት ወይም በየወቅቱ» ያለው ይህን አስቦ ነው። በዘፍራን አገር አበባው የሚለቀመው በመጸው፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በማለዳ ነውና፣ በዚያን ጊዜ ከተማ የገባው ዘመድ ሁሉ ወደ አባቱ ማሳ ሊመለስ ይችላል። በጥር ወር የሚሄድ ሠራተኛ ዝግ በር ሊያገኝ ይችላል። ስለ ውሃ ድርሻ ቀደም ብዬ የተናገርኩትንም እዚህ ላይ አስታውሱልኝ። ቤቱ የተዘጋው ሰው በቃናቱ ላይ ያለው የውሃ ሰዓት አልተዘጋም። መንደሩ ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ሰፋሪ ቢሰጥ፣ በመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ባለ መብቱ ይመጣል፤ ጠብም አብሮት ይመጣል።

የሰፈራን ነገር ካነሣሁ አይቀር ስለ ታባስ አውራጃ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። መስከረም 16 ቀን 1978፣ ወሩ በአውሮፓውያን አጠራር ሴፕቴምበር መሆኑ ነው፣ ታባስን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን አፈረሰ፤ ከነዋሪዎቿም አብዛኞቹ ሞቱ። በአካባቢው ያሉ መንደሮችም ፈረሱ። ከነዚህ አንዷ በዴይሁክ ወረዳ የምትገኘው ኢስፋሃክ ናት። በጭቃ ጡብ ጉልላት የተሠሩት ቤቶቿ ከተናዱ በኋላ፣ የተረፈው ሕዝብ ከአሮጌው መንደር አጠገብ በተሠራ አዲስ መንደር ሰፈረ። ሰፈራው ሩቅ አልነበረም፤ ስሙም፣ የቴምር ዛፉም፣ ማሳውም አልተለወጠም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመንደሩ ልጆች አሮጌዎቹን ቤቶች በራሳቸው የጭቃ ሥራ ጥበብ እያደሱ እንግዳ ማሳረፊያ አደረጓቸው። ሕዝብ ከስሙና ከማሳው ሳይለይ ሲሰፍር ፍርስራሹ እንኳ ኋላ ሀብት ሊሆን እንደሚችል ኢስፋሃክ ታስተምራለች።

ነገር ግን የዚህችን መንደር አድራሻ በተከታታይ ቆጠራዎች ውስጥ ብትፈልጉ ትደናገራላችሁ። በ1996ቱ ቆጠራ የታባስ አውራጃ በኮራሳን ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ከዚያ ወደ ያዝድ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ በ2006ና በ2011 የተቆጠረው በያዝድ ነው። በ2004 ደግሞ ሰፊው ኮራሳን ራዛዊ፣ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ በሦስት ተከፈለ። ከ2011 ቆጠራ በኋላ ታባስ ከያዝድ ወጥቶ ወደ ደቡብ ኮራሳን ተጨመረ፤ በ2016ም በዚያው ተቆጠረ። በ20 ዓመት ውስጥ ከሥፍራዋ አንድ ክንድ ያልተነቃነቀች መንደር በሦስት ክፍላተ ሀገር መዝገብ ውስጥ ትገኛለች ማለት ነው።

ውጤቱን በቁጥር ተመልከቱ። ደቡብ ኮራሳን በ2011 ወደ 662 ሺህ፣ በ2016 ደግሞ ወደ 769 ሺህ ነዋሪ ነበረው። በ5 ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ጭማሪ ሲታይ፣ አንድ ችኩል ሪፖርት ጸሐፊ ሕዝቡ ወደ ደረቁ ምድር እየጎረፈ ነው ሊል ይችላል። ከጭማሪው ግን 70 ሺህ ያህሉ ከታባስ አውራጃ ጋር በውሳኔ የመጣ ነው። እንዲህ ባለው ስሕተት ላይ የእህልና የውሃ ዕቅድ ቢቆም ማን እንደሚጎዳ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ባልደረቦቼ፤

ከዚህ ሁሉ የምንማረው በአጭሩ ይህ ነው። በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥር በቆጠራው ጊዜ በዚያ ስፍራ ማን እንደ ተመዘገበ ይናገራል፤ የዚያ ስፍራ ሰው ማን እንደሆነ ግን ሙሉ በሙሉ አይናገርም። ስለዚህ አንድን መንደር ከዕቅድ ከመሰረዛችን፣ ከሌላ ጋር ከመደመራችን ወይም ለሰፈራ ባዶ ነው ከማለታችን በፊት አምስት ጥያቄ እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ መንደር ባለፈው መዝገብ በየትኛው ወረዳና ክፍለ ሀገር ሥር ነበር? ሁለተኛ፣ የተቆጠረው ነፍስ ነው ወይስ ቤተሰብ? ሦስተኛ፣ ቆጠራው የተደረገው በየትኛው ወቅት ነው? አራተኛ፣ በመስመሩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ሰው የለም ማለት ነው ወይስ ቁጥሩ አልተገለጠም ማለት ነው? አምስተኛ፣ በስፍራው የማይኖሩ፣ ግን በውሃውና በመሬቱ ላይ መብት ያላቸው ሰዎች እነማን ናቸው?

ለአምስቱም ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሮጌ መዝገብ የሚያገላብጥ አንድ ጸሐፊ ይመልሳቸዋል። የቀሩትን ሁለቱን የሚመልሱት በአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎችና የውሃ አባቶች ናቸው። የሚያስፈልገው የጭነት መኪናው ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። በአገራችን አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1984፣ በ1994ና በ2007 ነው፤ አራተኛው ቆጠራ ከ2017 ጀምሮ በተደጋጋሚ ተላልፏል። በነዚህ ዘመናት ውስጥ የክፍላተ ሀገር፣ የአውራጃና የወረዳ ወሰን ምን ያህል እንደ ተለወጠ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቆጠራ ባረጀ ቁጥር የአስተዳደሩን ታሪክ ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አሮጌ ቁጥር በአዲስ ወሰን ላይ ሲለጠፍ የሚሳሳተው ከሁሉ በፊት በትንሹ ጎጥ ላይ ነውና።

በመጨረሻም ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። እኒያ ሽማግሌ ያን ዕለት ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ የጣቢያው ኀላፊ ከመጠባበቂያው አሰጣቸው። ነገር ግን ከእህሉ ይልቅ ደስ ያላቸው ሌላ ነገር ነበር። ወጣቱ የጎጣቸውን ስም ጠይቆ፣ የቤቱንና የነፍሱን ብዛት አስቆጥሮ፣ በዝርዝሩ ግርጌ በእስክሪብቶ ጨመረው። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሆኖም ጣታቸውን በጽሑፉ ላይ አድርገው «እዚህ ነን?» ብለው ጠየቁት። «አዎ አባባ፣ እዚህ ናችሁ» አላቸው።

በኢራን በረሃ ዳር ላለው ካላቴም ሆነ በእኛ አገር ቆላ ላለው ጎጥ፣ የእኛ ሥራ ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ መስጠት ነው።